በዕጣ እንጂ በዘፈቀደ አይደለም

በሕክምና ምርምር ውስጥ ያሉ ሰዎች «ራንደማይዜሽን» ይሉታል። አንድ አዲስ መድኃኒት ከነባሩ ይሻል እንደሆነ ለማወቅ ሕሙማንን በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ቡድኖች ይከፍላሉ። ማን በየትኛው ቡድን እንደሚገባ የሚወስነው ግን ሐኪሙም ታማሚውም ሳይሆን ዕጣ ነው። ስለዚህ በአማርኛ «በዕጣ መመደብ»፣ ጥናቱንም «በዕጣ ምደባ የተካሄደ ክሊኒካዊ ሙከራ» ብንለው ስያሜው ረዘም ቢልም ሥራውን በትክክል ይናገራል።

በጋዜጣ ዜናና በትርጉም ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን ግን ሌላ ቃል ነው፤ «በዘፈቀደ»። ቃሉ ከግእዙ «ዘ» እና «ፈቀደ» የተሠራ ሲሆን «የፈቀደውን፣ የወደደውን» ማለት ነው። ዛሬም በአማርኛ ስንናገረው ትርጉሙ ከዚያ አልራቀም። «ግብር በዘፈቀደ ተጣለብኝ» የሚል ነጋዴ ገማቹ ያለ ደንብ እንዳሻው ጻፈብኝ ማለቱ ነው። ራንደማይዜሽን ደግሞ ወደ ሕክምና ጥናት የገባው ይህንኑ «እንዳሻው» የሚባለውን ነገር ለማስወጣት ነው። ቃሉን በተቃራኒው ተርጉመን ኖረናል ማለት ነው።

ነገሩ የክፉ ሐኪም ጉዳይ እንዳይመስል፤ ደግ ሐኪም ይብሳል። አዲሱን መድኃኒት ይቋቋመዋል ብሎ ለሚያስበው ጠንካራ ወጣት ሊሰጠው ይችላል፤ ወይም ሌላ ተስፋ ለሌላት የልጆች እናት። በመጀመሪያው አካሄድ መድኃኒቱ ሳይሠራ የሠራ ይመስላል። በሁለተኛው እየሠራ ያልሠራ ይመስላል። ሁለቱም ጊዜ ሐኪሙ ያደረገው በቅንነት ነው፤ የሚቀጥለው በሽተኛ ግን በተሳሳተ መረጃ ይታከማል። ዕጣ ሐኪሙ የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን የማያውቀውንም ያደባልቃል፤ ማን ቤት ምግብ እንዳለ፣ የማን ሰውነት በተፈጥሮው በሽታን እንደሚቋቋም፣ ማን መድኃኒቱን በሰዓቱ እንደሚውጥ ሳይጠይቅ። የተሳታፊው ቁጥር ትንሽ ከሆነ ዕጣውም ሊያዘነብል ስለሚችል ነው እንዲህ ያሉ ጥናቶች ብዙ ሰው የሚፈልጉት።

ዘዴው በሕክምናው ዓለም ስሙ የገነነው በሳንባ ነቀርሳ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ስትሬፕቶማይሲን አሜሪካ ውስጥ በ1943 ተገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በወጣችው ብሪታንያ ግን መድኃኒቱ ለሁሉም የሚዳረስ አልነበረም። የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያለችውን ጥቂት መድኃኒት በጥናት ላይ ለማዋል ወሰነ፤ የስታቲስቲክስ ሊቁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂልም የዕጣውን አሠራር ነደፈ። 107 ሕሙማን ተመደቡ። 55ቱ ስትሬፕቶማይሲን ከአልጋ ዕረፍት ጋር፣ 52ቱ ደግሞ በጊዜው የተለመደውን የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ 14 ሰዎች ሞቱ። ውጤቱ በ1948 ሲታተም ስለ መድኃኒቱ ይደረግ የነበረው ሙግት በቁጥር ተዘጋ። (ባክቴሪያው መድኃኒቱን መላመዱም በዚሁ ጥናት ታየ፤ ዛሬ ቲቢ በአንድ መድኃኒት ብቻ የማይታከመው ለዚህ ነው።)

ሂል ለምን ተራ በተራ አላደረገውም? አንዱን ለአዲሱ፣ ቀጣዩን ለነባሩ ማድረግ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ከእሱ በፊትም በዚህ መንገድ የሠሩ ነበሩ። ጉድለቱ ተራው አስቀድሞ መታወቁ ነው። ቀጣዩ ታማሚ ነባሩን ሕክምና እንደሚያገኝ የሚያውቅ ሐኪም፣ የሚያሳዝነው ሰው ሲመጣ «ነገ ተመለስ» ሊለው ይችላል። በካርድ ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ መለየትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሂል ምደባውን በታሸገ ፖስታ ውስጥ አስቀመጠው። ፖስታው ላይ የሚታየው የሆስፒታሉ ስምና ቁጥር ብቻ ነበር፤ የሚከፈተውም ታማሚው ለጥናቱ ብቁ ነው ከተባለ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ሌሎች ጥናቶች ፖስታውን ወደ መብራት አንስተው ውስጡን ለማየት የሞከሩ ሐኪሞች መኖራቸው ተጽፏል። ሰው ዕጣን ለማጭበርበር የማይሄድበት ርቀት የለም፤ ዛሬ ምደባው ከጥናቱ ቦታ ርቆ በተቀመጠ ኮምፒውተር የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን ከ1948ቱ ጥናት ሊወረስ አይገባውም። ማነጻጸሪያ ቡድን ውስጥ የነበሩት 52 ሰዎች በጥናት ውስጥ መሆናቸው አልተነገራቸውም። በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ መጥቶ፣ ዛሬ አንድ ሰው ሳያውቅና ሳይስማማ ዕጣ ውስጥ ስሙ እንዲገባ አይፈቅድም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ እግሩ ሊያብጥ ይችላል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ። ከእብጠቱ ይልቅ ሰውን የሚጥለው በየጊዜው የሚነሣው ሕመም ነው፤ እግሩ ይግላል፣ ያብጣል፣ ከአልጋ አያስነሣም። እግርን መታጠብ፣ ቆዳን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ይህን ሕመም ይቀንሳል ወይ? ጎልቤት የተባለ ጥናት 696 ሰዎችን በዕጣ ከፈለ። 350ዎቹ እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ። 346ቱ ደግሞ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ወዲያው የጀመሩት በሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ የጠበቁት 23.9 ጊዜ ታመዋል።

ሃያ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ማለት በወር ሁለት ጊዜ ገደማ ነው። ይህን የሚያህል ሸክም ላለበት ገበሬ በዓመት አራት ከግማሽ ያህል ሕመም መቅረቱ ቀላል አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። እንዲህ ያለ መካከለኛ ጥቅም ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን ቢፈለግ ኖሮ አይታይም ነበር። ሕመሙ ቢቀንስ «የእርሻ ሥራ ስለቀዘቀዘ ነው»፣ ባይቀንስ «ውኃው ነው» እየተባለ ክርክሩ ይቀጥላል። ሳሙናና ፋሻ ከማንም የሚደበቅ ስላልሆነ፣ ተሳታፊዎቹ በየትኛው ወገን እንዳሉ ያውቁ ነበር። በመድኃኒት ሙከራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት መስሎ መድኃኒት ያልሆነው ክኒን፣ እዚህ ቦታ የለውም። በዕጣ መመደብ ሁሉ ፕላሴቦ አለበት ማለት አይደለም።

የጎጃሙ ጥናት ለእቁብተኛ ወዲያው ይገባዋል። ዕጣው የለየው ማን ቀድሞ እንደሚያገኝ እንጂ ማን እንደሚቀር አልነበረም። ግን በዚህ ምሳሌ ብዙ ርቀን መሄድ የለብንም። እቁብ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ገንዘብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በአብዛኞቹ ሙከራዎች ግን ከሁለቱ ሕክምናዎች የትኛው እንደሚሻል የሚያውቅ የለም፤ ቢታወቅማ ዕጣ መጣል ነውር ይሆን ነበር። መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በተመለከተ የተደረገው ስትሪም ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ኢትዮጵያ፣ ሞንጎልያ፣ ደቡብ አፍሪካና ቬትናም የተሳተፉበት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነበሩበት። ጥያቄው በወቅቱ 20 ወር ይፈጅ የነበረው ሕክምና ከ9 እስከ 11 ወር ቢያጥር ውጤቱ ይበላሻል ወይ ነበር። ዕጣው ለሁለቱ እኩል አልነበረም፤ አንድ ሰው ወደ ረጅሙ ሲገባ ሁለት ወደ አጭሩ ይገቡ ነበር። በ2019 የወጣው ውጤት በረጅሙ 79.8 ከመቶ፣ በአጭሩ 78.8 ከመቶ የሚሆኑት መልካም ውጤት ማግኘታቸውን አሳየ። ከዕጣው በፊት «አጭሩ ደረሰኝ» ብሎ የተደሰተም፣ ያዘነም፣ በሚያውቀው ነገር አልነበረም።

እንግዲህ «ዕጣ» የሚለው ቃልም እንከን አለበት። ሰው ሲሰማው «ዕጣ ፈንታ» ይመጣበታል፤ መዳኔም መሞቴም ሊወሰን ነው ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። «ሎተሪ» ካልነው ደግሞ አንዱ ወገን ሽልማት፣ ሌላው ባዶ ትኬት ያገኘ ይመስላል። «ሙከራ» ራሱ «ሊሞክሩብኝ ነው» የሚል ፍርሃት ያመጣል። ይህን ሁሉ አይቼም ዕጣን እመርጣለሁ። በአማርኛ ማንም እጁን ሳያስገባ፣ በታወቀ ደንብ የሚደረግን ምርጫ እንደሱ የሚገልጽ ቃል የለምና። እንከኑ የሚስተካከለው በማስረዳት ነው።

የማስረዳቱ ሥራ ግን በሥልጠናው ውስጥ ተገቢ ቦታ አላገኘም ባይ ነኝ። ወደ ሙከራ የሚገባ ሐኪምና ነርስ ጂሲፒ የሚባለውን የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር ሥልጠና ይወስዳል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው ማዕከልም በክሊኒካዊ ሙከራ በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። የከፍተኛ ትምህርታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ሠልጣኙ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ይማራል፣ በእንግሊዝኛ ይፈተናል። ገበሬው ፊት ሲቀመጥ ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ መናገር አለበት። እኔ አሠልጣኝ ብሆን የመጨረሻውን ፈተና እንዲህ አደርገው ነበር፦ ያለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሽማግሌ አስረዳ። መልሱም ከሞላ ጎደል ይህን ይመስላል፦

«አባቴ፣ ሁለት ዓይነት ሕክምና አለ። የትኛው እንደሚበልጥ እኛም ገና አላወቅነውም። የትኛው እንደሚደርስዎ እኔም፣ ዋናው ሐኪምም አንመርጥም፤ በዕጣ ነው የሚለየው። ዕጣው የሚለየው ሕክምናውን ነው እንጂ መዳንዎን አይደለም። ካልፈለጉ እምቢ ይበሉ፤ የተለመደው ሕክምናዎ አይቋረጥም። ከገቡ በኋላም በፈለጉ ጊዜ መውጣት ይችላሉ።»

ሽማግሌው መልሰው በራሳቸው ቃል ከተናገሩት ሠልጣኙ አልፏል። «እሺ ልጄ፣ አንተ ያልከው ይሁን» ካሉ ወድቋል።

ለእርስዎ፣ ወይም ለሚያስታምሙት ዘመድዎ፣ በእንዲህ ያለ ጥናት ይግቡ የሚል ጥያቄ ከቀረበ ዕጣውን ማን እንደሚያወጣው፣ በእያንዳንዱ ወገን ምን እንደሚሰጥ፣ ጥናቱ ሲያልቅ የሌላው ወገን ዕድል ምን እንደሚሆን ይጠይቁ። ጥናቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀው፣ መድኃኒትም ከሆነ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የፈቀደው መሆኑን ያረጋግጡ። ያልገባዎት ነገር ካለ አይፈርሙ፤ ቅጹን ቤት ወስደው ከቤተሰብ ጋር ይምከሩበት።