ካሣና የመንገድ ዘራፊዎቹ

እንግዲህ ስሙኝ። ደልጊ የምትባለውን ከተማ የምታውቋት ታውቃላችሁ፤ ፊቷ ጣና፣ ጀርባዋ ወደ ቋራ ቆላ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጎንደር ላይ የታገተች ሕፃን ተገድላ ሕዝቡ አደባባይ ከወጣ ወዲህ፣ ስለ ሽፍታና ስለ መንግሥት ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ወደዚያ ወደ ቋራ ይሄዳል።

ካሣ ኃይሉ ገና ልጅ ሳለ ፊደል የቆጠረበትን የጨንከር ገዳም የተሸነፈ መስፍን ጦር ወረረው። ሕፃናቱ በግፍ አለቁ፤ ካሣ አመለጠ። ዘራፊው ባለ ማዕረግ የሆነበት ዘመን ነበር! ሲጎለምስ እሱም ቋራ በረሃ ወርዶ ሸፈተ። ደብተራ ዘነብ በጻፉት ታሪክ ግን ይህ ሽፍታ ሌሎች ወንበዴዎችን እየመታ ገንዘባቸውን ለድሃው የእርሻ ዕቃ መግዣ ሰጠ፤ ተከታዮቹንም ይዞ ራሱ አረሰ።

የጎንደሯ እቴጌ መነን ኃይል አላዋጣ ቢላቸው ካሣን በቋራ ላይ ሾሙት፤ የልጅ ልጃቸውን ተዋበችንም ዳሩለት። ሹመት ሽፍታን አያበርድም፤ በ1839 ዓ.ም. ዳግም ተነሥቶ ራሳቸውን እቴጌይቱን ማረካቸው።

ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ገበሬ ወደ እርሻው፣ ነጋዴ ወደ ንግዱ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ፈረንሳዊው ቆንስል ጊዮም ለዣን እንደጻፈው፣ እስከ አፍንጫቸው የታጠቁ ሰዎች ከንጉሡ ሰፈር ደረሱ።

«ጃንሆይ፣ ባዋጁ መሠረት ያባቶቻችን ሥራ ይጽናልን» አሉ።

«ያባታችሁ ሥራ ምንድን ነው?»

«መንገድ ላይ መዝረፍ!»

ንጉሡ አልተቆጡም። «ሥራችሁ ሞት አለበት፤ እርሻ ይሻላችኋል። ወደ ላምጌ ሜዳ ውረዱና እረሱ፤ በሬውንም ሞፈሩንም እኔ እሰጣችኋለሁ» አሏቸው።

እምቢ አሉ። ሌላ ቀን ቀጠሯቸው፤ ያን ቀንም እምቢ። ፈቃዳችን ከንጉሥ ዳዊት ነው ባዮች ነበሩ። አሰናበቷቸው። ንጉሡን አስፈራራን ብለው ደረታቸውን ነፍተው ሲመለሱ ፈረሰኛ ከኋላ ደረሰባቸው። አለቃው፣ እናንተ ለመዝረፍ ከዳዊት ከተፈቀደላችሁ፣ እኛም መንገድ የሚያውከውን እንድንገድል ከቅዱስ ላሊበላ ተፈቅዶልናል ብሎ ፈጃቸው።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ የፈረሰኛውን መልስ ይወዳል። እኔ በሬው ላይ እቆማለሁ። በረሃ አድሮ የሚያውቅ፣ ጠመንጃ ተሸክሞ በረሃብ የተንከራተተ ሰው ብቻ ነው ለዘራፊ መጀመሪያ ሞፈር የሚያቀርብለት፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ዛሬ አጋች ገንዘብ እያሳየ የሚመለምለውን ሥራ ፈት ጎረምሳ፣ መሬትና በሬ ይዞ ቀድሞ የሚደርስለት መንግሥት እሻለሁ።

የመንገዱን ግድያ ግን ለንጉሡ አልወድላቸውም። ሰዎቹ ቀማኞች ናቸው፤ ይሁንና በቀጠሯቸው ቀን መጥተው ከፊታቸው ቆመዋል። እዚያው አስይዘው፣ የተዘረፈውን ነጋዴ ከሳሽ አድርገው፣ ምስክር ሰምተው ችሎት ላይ ሊፈርዱባቸው ይችሉ ነበር።