ብርዱን አሸንፎ ለጨው እጅ የሰጠ መኪና

ስፖርት መኪና ያላቸው ፈረንጆች በረዶ ሲመጣ መኪናቸውን ጋራዥ የሚቆልፉት ለምንድን ነው? ቅንጦት ይመስላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አብዛኛው የአሜሪካ መኪና ጣሪያው ክፍት ነበር። የራዲያተሩ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ሞተሩን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ብዙው ባለመኪና ውሃውን አፍስሶ፣ መኪናውን እንጨት ላይ ሰቅሎ፣ ፀደይን ይጠብቅ ነበር።

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዝግ መኪና ረከሰ። በ1927 ፕሬስቶን የተባለው ፀረ በረዶ ፈሳሽ ገበያ ላይ ዋለ። መኪና ብርድን አሸነፈ ተባለ።

ቀጥሎ ግን ጨው መጣ። ኒው ሃምፕሻየር በ1938 የበረዶ መንገዷ ላይ ሞከረችው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየቦታው ተስፋፋ። መንገዱ ተከፈተ፣ መኪናው ዛገ። በ1953 የወጣው ኮርቬት እንኳ ቦዲው ፋይበርግላስ ቢሆንም ሻንሲው ብረት ስለሆነ አላመለጠም። ለፍጥነት የተሠራው መኪና እንደ አያቶቹ ወደ ጋራዥ ተመለሰ።

የመንገዱን ዋጋ የሚከፍለው ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ትርፍ መኪና ያለው አንዱን ያከርማል። አንድ አሮጌ መኪና ብቻ ያለው ሠራተኛ ግን ማለዳ ተነስቶ በዚያው ጨው ላይ ይነዳል።