ደረስጌ ግድግዳ ላይ የቀሩት ተሸናፊ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ትልቅ መድፍ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲነሡ መንገዳቸው በጋይንት በኩል ነበር። ሰባት ቶን የሚጠጋ መድፍ መንኮራኩር ረግጦት በማያውቅ አገር፣ በጨጨሆ ቁልቁለትና ዳገት ለማሳለፍ ድንጋይ ተፈነቀለ፣ ገደል ተናደ፣ መንገድ ተጠረገ። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ለሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ትዕይንት ከየት ይመጣል? ይሁን እንጂ ያ ጉዞ ለእኛ የደረሰው በአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕልና ከንጉሡ ጋር በነበሩት አውሮፓውያን መጻሕፍት እንጂ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል አይደለም። የቴዎድሮስ መልክ በየቤቱ የገባው ዘግይቶ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ ለገበያ በሚሠራ የሸራ ሥዕል ነው፤ እሱም በአብዛኛው የመጨረሻዋን የሽጉጥ ቅጽበት ይዞ።

ስሜን ደረስጌ ማርያምን ከዚህ ጎን ስናቆመው ነገሩ ይገለጣል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሊቀቡበት አስበው እንደነበር ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ሆኑና ከቀናት በኋላ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቴዎድሮስ ብለው የቀቡት የቋራውን ካሳን ሆነ። አሸናፊው ዘውዱን ወሰደ፤ ግድግዳው ላይ ከነአጃቢያቸው የቀሩት ግን ውቤ ናቸው። ምክንያቱ ስውር አይደለም። ግድግዳ የሚስለው ለቤተ ክርስቲያን የሰጠውን ነው፤ ቴዎድሮስ ደግሞ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ቀንሰው ለገባር ያከፋፈሉ፣ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አድባራት ያስዘረፉና ያቃጠሉ ንጉሥ ናቸው። ከሥዕል ቤቱ ደጃፍ በገዛ እጃቸው ወጡ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ነገር እሟገታለሁ። የነገሥታት የግድግዳ ሥዕል የተፈጸመ ታሪክ መዝገብ አይደለም፤ የይገባኛል ማመልከቻ ነው። ስለዚህ ሊነበብ የሚገባው እንደ ማመልከቻ ነው፦ ማን አቀረበው፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሥጋት ይዞት? እንዲህ ካነበብነው ከዜና መዋዕል ያላነሰ ይነግረናል። በብዙ ቦታም ይበልጣል፤ ዜና መዋዕል ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ይታረማል፣ ግድግዳ ግን ተጸንሶ በተወለደበት ቦታ ይቆያል።

ለዚህ ጥሩው ምስክር ሩቅ አይደለም። ከነፋስ መውጫ በጨጨሆ ወጥቶ ጋሸናን ያለፈ መንገደኛ ላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ በስተምሥራቅ፣ ገነተ ማርያምን ያገኛል። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በውስጡ የዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕልና ቤተ ክርስቲያኑን በእግዚአብሔር ፈቃድ እንዳሠሩት የሚናገር የግዕዝ ጽሑፍ አለ። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. የዛጔን ሥርወ መንግሥት ያወረዱ፣ ራሳቸውን ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ የሚያስቆጥሩ ንጉሥ ናቸው። ደጋፊዎቻቸው ያሉት በአምሐራና በሸዋ ነው። ታዲያ ለምን ላስታ? ቦታውን ልብ ላለው መልሱ ራሱ ቦታው ነው። አዲሱ ሥርወ መንግሥት አለት አስፈልፍሎ፣ መልኩን አስሎ፣ ስሙን አስጽፎ የቆመው በተሸነፈው ሥርወ መንግሥት እልፍኝ ነው፤ ያውም ዛጔዎች በሚታወቁበት ጥበብ፣ በአለት ፍልፍል። በልበ ሙሉነት ለነገሠ ሰው ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ ሕንድ ራማናታፑራም ከተማ፣ ራማሊንጋ ቪላሳም በሚባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የሴቱፓቲ ገዢዎች ታሪክ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ግድግዳውን ሞልቶ ተስሏል። ከታንጃቩር ማራታዎች ጋር ያደረጉት ጦርነት አለ፣ የአውሮፓውያን እንግዶች አቀባበል አለ። ከሁሉ የሚጠቅመን ግን አምላካቸው ራጃራጄሽዋሪ ለንጉሡ በትረ መንግሥት ስታቀብል የሚያሳየው ነው። ሴቱፓቲዎች ከማዱራይ ናያካዎች ሥር ወጥተው ራሳቸውን የቻሉ ገዢዎች ናቸው፤ በትሩ ከበላይ ንጉሥ ሳይሆን ከሰማይ መጣ ማለት ያስፈለጋቸው ለዚህ ነው። ከላስታ እስከ ደቡብ ሕንድ ጥያቄው አንድ ነው፦ ሥልጣኑን ማን ሰጠህ?

«ይህ ሁሉ ውዳሴ ነው፤ ከፋዩ ደስ እንዲለው የተቀባ ቀለም እንዴት ማስረጃ ይሆናል?» የሚል ይኖራል። ከባድ ተቃውሞ ነው፤ ነገር ግን ውዳሴም የሚመረጥ ነገር መሆኑን ይዘነጋል። ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ ውስጥ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። የቋራዋ ሴት በ1720ዎቹ ዓ.ም. ዘውድ ጭነው፣ በሕፃኑ ልጃቸው በኢያሱ ስም አገር ይገዙ ነበር፤ ሴት ሆነው መግዛታቸው፣ ቤተሰቦቻቸው ሹመቱን መሙላታቸው መኳንንቱን ያንገሸግሽ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ልጇን ታቅፋ በተቀመጠች እናት እግር ሥር መውደቅ ትሕትና ብቻ አይደለም። ልጅ ይዛ የምትገዛ እናት፣ ልጅ ከያዘች ንግሥት ሥር! ዜና መዋዕሉ የእቴጌይቱን ጥበብ በብዙ ቃል ያደንቃል፤ ሥዕሉ ግን የት ላይ እንደሚያማቸው ያሳያል። ለታሪክ ጸሐፊ የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከቤተ ክህነት በኩል ይመጣል፦ ሥዕል ለጸሎት የተቀደሰ ነው፣ የፖለቲካ ሰነድ አድርጎ መመርመር ድፍረት ነው። እኔ ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። የጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ እዚያው ጋይንት ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። የአገሩ ሊቃውንት ምልክትን ከዜማ፣ ዜማን ከምሥጢር ለይተው እያነበቡ ሁሉንም ያከብራሉ። ሥዕሉን ከነከፋዩ ማንበብ ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም። ይልቅስ ከባዱ ነቀፋ ከዚህ ይነሣል፦ በግድግዳው ላይ ንጉሡ አለ፣ ወታደሩ ከነጋሻው አለ፤ ወታደሩን ተሰሪ አድርጎ ያበላው፣ መድፉ ሲያልፍ በጎተራው የከፈለው የጋይንትና የስማዳ ባላገር የለም። ይህ እውነት ነው፤ ምንም አላስተባብልም። ማመልከቻ አመልካቹን እንጂ ባለዕዳውን አያሳይም። ነገር ግን ይህን ጉድለት ራሱን ማወቅ የሚቻለው ሥዕሉ በቦታው ሲኖር ነው።

«ዘውዱ ከወደቀ በኋላ የፊውዳል ሥዕል ምን ይሠራል?» ለሚል የሁለት አገር ተሞክሮ ይበቃል። ሕንድ የቀድሞ ልዑላኖቿን ማዕረግና አበል በ1971 እ.ኤ.አ. በሕግ ሻረች፤ የሴቱፓቲዎች ሥዕል ግን ቆመ። እኛም ዘውዱን በ1967 ዓ.ም. አስወገድን፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ የሚያሳየው የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሥዕል ደርግንም አልፎ ዛሬ ድረስ አለ። ማንም ሥዕሉን አይቶ ዘውድ አልመለሰም።

ሥዕልን የሚያጠፋው አብዮት ሳይሆን ሌላ ነው። የጎንደር ዘመን ሥዕል በአብዛኛው በሸማ ላይ ተሠርቶ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ ይነቀላል። በ1932 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዊው ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ቡድን የጎንደር አባ እንጦንስን ሥዕሎች ነቅሎ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በምትካቸው አዲስ አስሎ ለጠፈ። ዛሬ የሚነቅል ፈረንጅ አያስፈልግም፤ ጣራው ሲያፈስ፣ ምዕመን ለእድሳት ገንዘብ ሲያዋጣ፣ አሮጌው ወርዶ በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ይተካል። አሠሪዎቹ ይህን የሚያደርጉት በቅን ልቦና ነው። በአንጻሩ የጋይንት ቤተልሔም ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ በክብ የሣር ክዳን ተሸፍኖ ስለኖረ፣ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. አይቶ እስኪጽፍለት ድረስ በውጭው ዓለም አልታወቀም። ሽፋኑ ግን ጠበቀው። እስቴ ውስጥም ቆማ ፋሲለደስ ከዐፄ ሱስንዮስ ባለቤት ከወልድ ሠዓላ ስም ጋር የሚነሣ ደብር ነው፤ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ግድግዳቸው ሳይነካ መመዝገብ አለበት።

ስለዚህ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰበካ ጉባኤዎች ሠዓሊ ከመቅጠራቸው በፊት ፎቶ አንሺ ይጥሩ። እያንዳንዱ ግድግዳ፣ በተለይ ከሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈው የአሠሪው ስም፣ ተነሥቶ አንድ ቅጂ በደብሩ ዕቃ ቤት፣ አንድ በሀገረ ስብከቱ፣ አንድ በዞኑ ባህልና ቱሪዝም ይቀመጥ። አዲስ ሥዕል ካስፈለገም በባዶው ግድግዳ ይሣል፤ አሮጌው አይነካ።