የመያዣ ቋጠሮ ከተራራ ወደ ዛፍ

ዛፍ በገመድ ተስቦ ሲጣል መዘውሩን ከዋናው ገመድ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ጥምጥም ትውልዱ ከጫካ አይደለም። ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራውን ቋጠሮ ለተራራ ወጪዎች ሲያስተዋውቅ ያሰበው የአንድን ሰው ክብደት ነበር። (ሙዚቀኛ ነበርና፥ አስቀድሞ የተበጠሰ የሙዚቃ መሣሪያ ክር ይቀጥልበት ነበር ይባላል።) ቋጠሮው ባዶውን ሲገፉት ይንሸራተታል፤ ሸክም ሲያርፍበት ግን በፍትጊያ ብቻ ጨምድዶ ይይዛል።

የዛፍ ሸክም ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ፕሩሲክ በሁለቱም ወገን ቢይዝም፥ በብርቱ ከተሳበ በኋላ አልፈታም ይላል፤ ክሌምሃይስት የሚባለው በአንድ ወገን ብቻ ይይዛል፥ ለመፍታት ግን ይቀላል። ዛፍ የሚሳበው ወደ አንድ ወገን ነውና፥ ሁለተኛውን መምረጥ ከልማድ ይልቅ ለሥራው የቀረበ ነው።

ከመጠን በላይ ሲጫን ጥርስ ያለው የብረት መያዣ የገመዱን ልባስ ይገሽልጣል፤ ቋጠሮው ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ይንሸራተታል፥ ለሳቢውም ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል። ይህ በጎነት የቃጫ ገመድ ዘመን ሲያልፍ ተቀነሰ። ቃጫ አይቀልጥም፤ በ1930ዎቹ የተፈለሰፈው ናይለን ግን በፍትጊያ ሙቀት ይቀልጣል፥ የተንሸራተተውም ቋጠሮ ሊበጠስ ይችላል። ዛሬ ብዙ ዛፍ ቆራጮች ሙቀት የሚችል የአራሚድ ክር ያለበትን ጥምጥም የሚሹት ስለዚህ ነው።