የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ሕክምና አጭር ታሪክ

ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርድ የነርቭ ገመድ ነው። አንጎል ለእጅና ለእግር የሚሰጠው ትእዛዝ፣ ቆዳም ወደ አንጎል የሚልከው ስሜት የሚያልፈው በእርሱ ነው። ገመዱ ክፉኛ ሲጎዳ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል መታዘዙንና መሰማቱን ያቆማል። ይህ ጉዳት በየዘመኑ እንዴት ይታይ እንደነበረ መመርመር ለባዮሎጂም ሆነ ለታሪክ ትምህርት ይጠቅማል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ በግብፅ በፓፒረስ ላይ የተገለበጠና ዛሬ በኤድዊን ስሚዝ ስም የሚታወቅ ጽሑፍ 48 ዓይነት ጉዳቶችን ይዘረዝራል። የአንገቱ አጥንት ወልቆ እጅና እግሩ የማይሰማው ሰው ሲያጋጥም፣ ሕመሙ የማይታከም መሆኑን ሐኪሙ እንዲናገር ያዛል። ይህ ፍርድ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ሳይሻር ቆየ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንዲህ የቆሰሉት ወታደሮች አብዛኞቹ የሞቱት ሳይገላበጡ በመተኛት በመጣ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። የስፔኑ ሊቅ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃልም በአዋቂ ሰው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ የተበጠሰ ነርቭ ተመልሶ እንደማያድግ አስተማሩ።

ፍርዱን በመጀመሪያ የሰበረው መድኃኒት ሳይሆን እንቅስቃሴ ነው። ከናዚ ጀርመን ሸሽተው በ1939 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የገቡት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1944 በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰር ጉዳተኞች ክፍል ከፈቱ። በሽተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ፣ ክንዳቸውንና ጀርባቸውን እንዲያጠነክሩ፣ ስፖርትም እንዲሠሩ አደረጉ። በ1948 በ16 ጉዳተኞች የቀስት ውርወራ የተጀመረው ውድድር በኋላ ፓራሊምፒክ ለተባለው ጨዋታ መሠረት ሆነ።

በ1960 እና በ1964 የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1969 በመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰሩ ሲጎዳ የታከመው በዚሁ ሆስፒታል ነው። በማግሥቱ ዓመት በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ተወዳደረ። ነገር ግን በ1973 እስኪያርፍ ድረስ ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። እንቅስቃሴ ሕይወትንና ክብርን ቢያድንም የተበጠሰውን ነርቭ አልቀጠለም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ሳይንስ ወደ ሕዋስ ፊቱን አዞረ። ስቴም ሴል የሚባለው ገና ሙያው ያልተወሰነ፣ ራሱን እያባዛ ወደ ልዩ ልዩ ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። ቲልና መከሎክ የተባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች በ1961 የዚህን ሕዋስ መኖር በደም ላይ አሳዩ። በ1998 በአሜሪካ ጄምስ ቶምሰን ከሰው ፅንስ አወጡት። በ2006 ደግሞ ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ የአይጥ የቆዳ ሕዋስን ወደዚሁ ጠባይ መለሱ።

ይሁን እንጂ አዲስ ሕዋስ መትከል ብቻውን አይበቃም። የተተከለው ሕዋስ ከየትኛው ነርቭ ጋር መገናኘት እንዳለበት ሥራ ያስተምረዋል። ኅብለ ሰረሰር ራሱም ከልምምድ ይማራል። በ1980ዎቹ ኅብለ ሰረሰራቸው የተቆረጠ ድመቶች በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ በተደጋጋሚ ሲለማመዱ የኋላ እግሮቻቸው የእርምጃ እንቅስቃሴ መልሰው አግኝተዋል። በ2016 የወጣ የጃፓን ጥናት ደግሞ ከተጎዱ ሳምንታት ባለፏቸው አይጦች ላይ የሕዋስ ተከላና የምንጣፍ ልምምድ አንድ ላይ ሲሰጡ ውጤቱ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሰጡት የተሻለ መሆኑን አሳየ። የጃፓኑ ኬዮ ዩኒቨርሲቲ በሰው ላይ ሙከራውን በ2021 ጀመረ። በ2025 እንደገለጸው ከ4ቱ በሽተኞች 2ቱ መሻሻል አሳይተዋል። ሕዋሱን የተቀበሉት ሰዎች ልምምድም ይሠሩ ስለነበርና ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ከዚህ በመነሣት መድኃኒቱ ተገኘ ማለት አይቻልም።

ከዚህ ታሪክ መምህራንም ተማሪዎችም የምንማረው ሁለት ቁም ነገር አለ። አንደኛ፣ ያልተረጋገጠ የስቴም ሴል ሕክምና በብዙ ገንዘብ የሚሸጡ ስላሉ ተስፋን ከማስረጃ መለየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የሕዋሱን ሕክምና እየጠበቁ ልምምድን መተው ከባድ ጉዳት ነው። ጡንቻው የመነመነ፣ መገጣጠሚያው የደረቀ ሰው ነርቩ ቢጠገንለት እንኳ ለመራመድ ይቸገራል። ስለዚህ በሰፈራችን ወይም በክፍላችን ያለ ጉዳተኛ ዛሬ የሚሠራው እንቅስቃሴ ለዛሬ ጤንነቱ ይጠቅመዋል፤ ነገ ለሚመጣውም ሕክምና ሰውነቱን ያዘጋጅለታል።