ጠመንጃዋ ስትናገር

«አያትህ ዓድዋ ላይ ከጣሊያን የማረኳት ናት» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ሰሞኑን የአጎቴ ልጅ አሮጌዋን ጠመንጃ በብርጭቆ ወረቀት ሊፈትጋት ሲል «ተው እንጂ!» ብዬ ቀማሁት። ጥይት አለመጉረሷን አይቼ ዝገቷን በዘይትና በጨርቅ ቀስ እያልኩ ስጠርግ፣ በጎኗ «ሴንት ኤቲየን፣ ሞዴል 1874» የሚል የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ብቅ አለ።

ለካ ውጅግራ ናት! ስሟ ራሱ «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። 11 ሚሊሜትር፣ አንድ በአንድ የምትጎርስ፣ የጥቁር ባሩድ መሣሪያ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ ወደሚተኩሰው ለበል ሲዞሩ አሮጌው ግራ ለገበያ ወጣ፤ ከእሱም ብዙ እኛ ጋ ደረሰ። ዓድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር በብዛት የያዘው ግን ቬተርሊ ነበር።

እናቴ ሰምታ ዝም አለች። «ታዲያ አልማረኩም?»

«እማዬ፣ ይዘዋት ዘምተው ይሆናላ!»

ልጆች፣ የቤታችሁን ብረት ከመፈተጋችሁ በፊት አንብቡት።