የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች ጡረታ

የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች ጡረታ በአሜሪካው ናሽናል ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) የተጫወቱ ስፖርተኞች መጫወት ካቆሙ በኋላ የሚያገኙት የጡረታ አበል፣ የአካል ጉዳት አበል፣ የቁጠባና የሕክምና ጥቅም ሥርዓት ነው። ዋናው ክፍል የበርት ቤልና የፒት ሮዜል የተጫዋቾች ጡረታ ዕቅድ ይባላል። ስያሜው የሊጉ ኮሚሽነር ከነበሩት ከሁለቱ ሰዎች የመጣ ነው። ገንዘቡን የሚያዋጡት 32ቱ ክለቦች ናቸው። መጠኑ የሚወሰነው ግን የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ነው። ስምምነቱን በድምፅ የሚያጸድቁት በሥራ ላይ ያሉት ተጫዋቾች ብቻ ሲሆኑ፣ አበሉ የሚከፈላቸው የቀድሞ ተጫዋቾች ድምፅ የላቸውም። በጡረታው ላይ ለዓመታት የተነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ ከዚህ ልዩነት የመነጩ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ «እግር ኳስ» የሚለው ቃል ኳሱ በእጅ የሚያዝበትን፣ ተጫዋቾቹ ቁርና የትከሻ መከላከያ የሚለብሱበትን የአሜሪካ እግር ኳስ ያመለክታል። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አመጣጥ

ሊጉ በ1920 በኦሃዮ ግዛት በካንቶን ከተማ ተመሠረተ። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ለተጫዋቾች ጡረታ የሚባል ነገር አልነበረም። ደመወዙ ዓመቱን ሙሉ የሚያኖር ስላልነበረ ብዙዎቹ ውድድር በሌለባቸው ወራት ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። የተጫዋቾች ማኅበር በ1956 ሲቋቋም ያነሣቸው ጥያቄዎች ይህንኑ ያሳያሉ፤ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲኖር፣ በጨዋታ የተጎዳ ተጫዋች ደመወዙ እንዳይቋረጥ፣ የመጫወቻ ትጥቅ ወጪም በክለቡ እንዲሸፈን የሚሉ ነበሩ።

በየካቲት 1957 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቢል ራዶቪች ክስ ላይ የሰጠው ውሳኔ የተጫዋቾቹን አቅም አጠናከረ። ፍርድ ቤቱ የእግር ኳስ ሊጉ ከፀረ ሞኖፖል ሕግ ነጻ አይደለም ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት ኮሚሽነር በርት ቤል በኮንግረሱ ፊት ቀርበው ለማኅበሩ ዕውቅና እንደሚሰጡ ተናገሩ። ቀጣዩ ጥያቄ የጡረታ ነበር፤ በ1959ም በዕቅዱ ላይ ከስምምነት ተደረሰ። ቤል የዚህን ፍጻሜ ሳያዩ በጥቅምት 1959 በፊላዴልፊያ ፍራንክሊን ስታዲየም ጨዋታ እየተመለከቱ ሳለ በልብ ድካም ሞቱ። በስማቸው የተሰየመው ዕቅድ በ1962 ሥራ ጀመረ። ከ1959 በፊት ተጫውተው የወጡት ግን ለረጅም ዓመታት ከዕቅዱ ውጪ ሆነው ቆዩ።

በ1970 ኤንኤፍኤል ተፎካካሪው ከነበረው ከአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ጋር ሲዋሐድ፣ የባልቲሞር ኮልትስ ተጫዋች ጆን ማኪ የተዋሐደው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ክረምት የተደረገው የሥራ ማቆም አድማ ዋና ጉዳይም ጡረታና ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች ነበሩ። በ1974፣ በ1982 እና በ1987 ሌሎች አድማዎች ተከተሉ። የ1982ቱ 57 ቀናት ፈጅቷል። በ1993 የተፈረመው የኅብረት ስምምነት ተጫዋቾች ውላቸው ሲያልቅ ክለብ የመምረጥ ነጻነት ሰጣቸው፤ በአንጻሩ የደመወዝ ጣሪያ አቆመ። በጡረታ በኩል ደግሞ 1993 እስከ ዛሬ የሚጠቀስ የድንበር ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ያቆሙና ከዚያ በኋላ የተጫወቱ ሰዎች የሚያገኙት ጥቅም በእጅጉ ይለያያልና።

የጡረታ መብትና ስሌት

አንድ የውድድር ዘመን ለጡረታ የሚቆጠረው ተጫዋቹ በዚያ ዓመት ቢያንስ በ3 ጨዋታዎች በቡድኑ ዝርዝር ውስጥ ከነበረ ነው። ጉዳት ደርሶበት በተጎጂዎች መዝገብ ላይ የነበረም ይቆጠርለታል። ከ1992 በኋላ የተጫወተ ሰው 3 የሚቆጠሩ ዓመታት ካሉት የጡረታ መብት ያገኛል። ቀደም ሲል 4 ወይም 5 ዓመት ይጠየቅ ነበር።

ሦስት ዓመት በሌላ ሙያ ጥቂት ነው፤ በዚህ ስፖርት ግን ጥቂት አይደለም። የተጫዋቾች ማኅበር አማካዩን የጨዋታ ዘመን ከ3 ዓመት ጥቂት ከፍ ያለ አድርጎ ያሰላዋል። በመሆኑም ለክለብ ፈርመው ከገቡት መካከል ብዙዎቹ ጉልበታቸው ተጎድቶ ወይም ቦታቸው በሌላ ተተክቶ ጡረታ ሳይደርሱ ይወጣሉ። ሁለት ዓመት ተጫውቶ የተሰናበተ ሰው የወር አበል የለውም። ከሌሎች የአሜሪካ ስፖርቶች ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በቤዝቦል ዋናው ሊግ ለ43 ቀናት የተመዘገበ ተጫዋች፣ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም፣ የጡረታ መብት አለው።

አበሉ የሚሰላው በመጨረሻው ደመወዝ ሳይሆን በተጫወተባቸው ዓመታት ብዛት ነው። ለእያንዳንዱ ዓመት የተወሰነ የወር ሂሳብ ይያዛል፤ ድምሩ ከ55 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በየወሩ ይከፈላል። ስለዚህ እኩል ዓመት በአንድ ዘመን የተጫወቱ ኮከብና ተጠባባቂ እኩል ጡረታ ይወስዳሉ። ነገር ግን የዓመቱ ዋጋ በየዘመኑ የተለያየ ነው። የቅርብ ዓመታት ከፍ ያለ፣ የድሮዎቹ ደግሞ ዝቅ ያለ ሂሳብ ተይዞላቸዋል።

ከ1993 በፊት የተጫወቱት አበላቸውን በ45 ዓመታቸው የመጀመር ምርጫ ነበራቸው። ገንዘቡ ቶሎ ያስፈለጋቸው ብዙዎች ይህን መረጡ። ቀድሞ የወሰደ ሰው የወር አበሉ ይቀነሳል፤ ቅናሹም 55 ሲሞላው አይነሣለትም። በሕዝብ ዘንድ ስማቸው የገነነ ተጫዋቾች በወር ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ የሚያገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከወር አበሉ ሌላ ለአዳዲሶቹ ተጫዋቾች ተጨማሪ ጥቅሞች አሉ። በ1993 የተጀመረው የቁጠባ ዕቅድ (401ኬ) ተጫዋቹ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ለሚቆጥበው እያንዳንዱ 1 ዶላር ክለቡ 2 ዶላር የሚጨምርበት ነው። ሲወጡ የሚሰጥ የስንብት ክፍያ፣ እንዲሁም የጡረታ መብት ላገኙ ሰዎች ከወጡ በኋላ ለ5 ዓመት የሚቆይ የጤና መድን አለ። የአንጎልና የመገጣጠሚያ ሕመሞች ግን ብዙውን ጊዜ ጎልተው የሚታዩት ይህ የመድን ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

የአካል ጉዳት አበልና የፍርድ ቤት ክርክሮች

ዕቅዱን የሚመራው ድምፅ ያላቸው 6 አባላት ያሉት ቦርድ ነው። ሦስቱን ሊጉ፣ ሦስቱን የተጫዋቾች ማኅበር ይሰይማል። የአካል ጉዳት ማመልከቻ ሲቀርብ የመጨረሻውን አስተዳደራዊ ውሳኔ የሚሰጠው ይህ ቦርድ ነው፤ ያልተስማማ ሰው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ከእነዚህ ክርክሮች ይበልጥ የሚታወቀው የማይክ ዌብስተር ነው። ዌብስተር ከፒትስበርግ ስቲለርስ ጋር 4 ጊዜ የሱፐር ቦውል ዋንጫ የወሰደ፣ በሊጉ ለ17 ዓመታት የተጫወተ የመሀል ተጫዋች ነበር። በ1991 ካቆመ በኋላ አእምሮው እየተዛባ ሄደ፤ ገንዘቡን አጣ፣ አንዳንዴም በመኪናው ውስጥ ያድር ነበር። ቦርዱ በ1999 የአካል ጉዳተኛ መሆኑን ተቀበለ። ሆኖም ጉዳቱ የጀመረው መጫወት ካቆመ ከዓመታት በኋላ ነው በማለት ዝቅተኛውን አበል ወሰነለት። ዌብስተር በመስከረም 2002 በ50 ዓመቱ ሞተ፤ ክሱን ወራሾቹ ቀጠሉ። በ2005 የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በታኅሣሥ 2006 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ ፈረዱ። ቦርዱ የራሱ ሐኪም ሳይቀር ዌብስተር መጫወት ሲያቆም ጀምሮ መሥራት የማይችል እንደነበር የሰጠውን ማስረጃ ወደ ጎን ትቷል የሚል ነበር ምክንያቱ። የተፈረደው ገንዘብ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

የዌብስተርን አስከሬን የመረመሩት ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ በአንጎሉ ውስጥ በተደጋጋሚ ምት የሚመጣ ሥር የሰደደ ጉዳት (ሲቲኢ) አገኙ፤ ግኝቱም በ2005 ታተመ። ከዚያ በኋላ የተጫዋቾች ጡረታ ጉዳይ ከአንጎል ጤና ጉዳይ ተለይቶ አልታየም።

በ1970 ለጡረታ የታገለው ጆን ማኪም በኋለኛው ዕድሜው የመርሳት በሽታ ያዘው። ባለቤቱ ሲልቪያ ማኪ ለኮሚሽነሩ ለፖል ታግሊያቡ የጻፈችው ደብዳቤ በ2007 «88 ዕቅድ» የተባለው ድጋፍ እንዲጀመር ምክንያት ሆነ። ስሙ የማኪ የመለያ ቁጥር ነው። ዕቅዱ ሲጀመር የመርሳት በሽታ ላለበት የቀድሞ ተጫዋች በእንክብካቤ ተቋም ለሚኖር በዓመት እስከ 88,000 ዶላር፣ ቤቱ ሆኖ ለሚታከም እስከ 50,000 ዶላር ይከፍል ነበር። ማኪ በሐምሌ 2011 ሞተ።

ከጡረታው ዕቅድ ተለይቶ በሺዎች የሚቆጠሩ የቀድሞ ተጫዋቾች በአንጎል ጉዳት ሊጉን ከሰዋል። በ2013 ይፋ የሆነው የ765 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ገንዘቡ ላይበቃ ይችላል በሚል በዳኛ አኒታ ብሮዲ ተመልሶ፣ ጠቅላላ ጣሪያ የሌለው ስምምነት በሚያዝያ 2015 ጸደቀ። በአፈጻጸሙ ግን የጥቁር ተጫዋቾች የአእምሮ ፈተና ውጤት ከነጮቹ በተለየ መነሻ ይመዘን ነበር። ሁሉም ጤነኛ በነበሩበት ጊዜ የጥቁሮቹ ውጤት ዝቅ ያለ ነበር ተብሎ ስለሚገመት፣ መጎዳታቸውን ማስረዳት ይከብዳቸው ነበር። ሁለት የቀድሞ ተጫዋቾች በ2020 ከከሰሱ በኋላ ይህ አሠራር እንዲቀር ተወሰነ።

በቦርዱ አሠራር ላይ የሚቀርበው ቅሬታ ግን አላበቃም። በማይክል ክላውድ ክስ በ2022 በቴክሳስ የተሰጠው ፍርድ የቦርዱ አባላት የአመልካቾችን ሰነድ ሳያነቡ እንደሚወስኑ አሳይቷል። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ፤ ክላውድ ከመጀመሪያው ማመልከቻው ወዲህ ሁኔታው መለወጡን አላስረዳም በሚል ነበር። የቦርዱን አሠራር ግን ይኸው ፍርድ ቤት ነቅፎታል።

የድምፅ ጥያቄ

በአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ መሠረት ማኅበር የሚደራደረው በሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞች ነው። ለጡረተኞች መደራደር ይችላል እንጂ አይገደድም። በእግር ኳሱ ጉዳዩን የሚያከብደው የገንዘቡ ምንጭ አንድ መሆኑ ነው። የተጫዋቾች ድርሻ ከሊጉ ገቢ በመቶኛ የሚቆረጥ ሲሆን ጥቅማ ጥቅሞችም የሚቆጠሩት በዚያው ድርሻ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለጡረተኞች የሚጨመረው ገንዘብ ዛሬ ለሚጫወቱት ሊከፈል ከሚችለው ላይ የሚነሣ ይሆናል።

ለ25 ዓመታት ማኅበሩን የመሩት የቀድሞ ተጫዋች ጂን አፕሾው በ2006 ለጡረተኞቹ እንደማይሠሩ፣ የቀጠሯቸውም እነሱ እንዳልሆኑ መናገራቸው ከፍተኛ ቁጣ አስነሣ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ ጉዳዩን ሰማ፤ ታዋቂው ማይክ ዲትካ ከመሰከሩት አንዱ ነበር። አፕሾው በነሐሴ 2008 አረፉ።

በ2011 የተፈረመው ስምምነት ከ1993 በፊት ለተጫወቱት 620 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በዚህም ከ1975 በፊት ለተጫወቱበት ለእያንዳንዱ ዓመት በወር 124 ዶላር፣ ከ1975 እስከ 1992 ላለው ደግሞ 108 ዶላር ተጨመረ። በመጋቢት 2020 የጸደቀው ስምምነት የድሮዎቹን ዝቅተኛ ሂሳብ ለአንድ የውድድር ዓመት በወር 550 ዶላር አደረሰ። ከዚህ ቀደም 3 ዓመት ብቻ በመጫወታቸው ጡረታ የተነፈጋቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም መብቱን አገኙ፤ 3 ዓመት የተጫወተ ሰው በዚህ ስሌት በወር 1,650 ዶላር ይደርሰዋል።

ይኸው ስምምነት በሌላ በኩል አጠቃላይና ዘላቂ የአካል ጉዳት አበል የሚወስዱ ሰዎች ከመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና የሚያገኙት ገንዘብ ከአበላቸው እንዲቀነስ የሚል አንቀጽ ነበረው። የቀድሞ ተጫዋቾችና ቤተሰቦቻቸው አንቀጹን አጥብቀው ተቃወሙ። ድምፁ ሲቆጠር 1,019 ተጫዋቾች ደግፈው፣ 959 ተቃውመው፣ ስምምነቱ በ60 ድምፅ ልዩነት አለፈ። እስከ 2030 የውድድር ዘመን የጸና ሲሆን፣ ቀጣዩን ስምምነት የሚያጸድቁት ያኔ በሜዳ ላይ የሚገኙት ተጫዋቾች ይሆናሉ።